አባባ ያጠቧቸው ፒስተኖች

የጥርስ ሐኪሟ ከማግባቷ በፊት የገዛቻት ባለ ሦስት በር ትንሽ መኪና ነበረቻት። መኪናዋ አጭር ትሁን እንጂ ቱርቦ ያለው ሞተር ስለነበራት፣ ነዳጅ ሲረግጡላት ከትልልቆቹ መሀል ውልቅ ብላ ትሄድ ነበር። በኋላ ግን ጭስ ጀመራት። ዘይት ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች፣ ከኋላዋ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። ጋራዥ ስትወስዳት መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ "እህቴ፣ ይሄን ሞተር ጣይውና ሌላ አስገቢ" አላት።

"እኔ የታመመ ጥርስ ሁሉ አልነቅልም" ብላ መኪናዋን አስጎትታ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ነገሩን ሰማ። "ሞተር? እዚህ ቤት ውስጥ?"

"ቤት ውስጥ ነው ማን አለህ? መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው።"

"እሱማ ቀስ እያለ ወጥ ቤት ይገባል" አለ። አልተሳሳተም።

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ዳቦ ቤቱን ዘግተው ከልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወራት ተቆጥረዋል። ጎህ ሳይቀድ የመነሳት ልማድ ግን አልለቀቃቸውም። ይነሳሉ፣ ይለብሳሉ፣ ጫማቸውን ጥብቅ አድርገው ያስራሉ፤ ከዚያ የሚሄዱበት የለም። መስኮት ዳር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ። "ደህና ነዎት አባባ?" ስትላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ "ምን እሆናለሁ ብለሽ" ነው።

ሞተሩ ከመኪናዋ በወጣበት ቅዳሜ ግን ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወደ መኪና ማቆሚያው መጡ።

"ጥርስ መንቀል ሰለቸሽና ወደዚህ ዞርሽ?"

"ይሄኛው በሽተኛ ሲነኩት አይጮህም ብዬ ነው፣ አባባ።"

ሳቁ። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ ሲስቁ ስትሰማቸው የመጀመሪያዋ ነበር። ብሎኖቹን መሬት ላይ ስትበትን ደግሞ አላስቻላቸውም። ከዕቃቸው መሀል ባለ ጉድጓድ የኬክ መጋገሪያ ፈልገው አመጡና የየክፍሉን ብሎን ለየብቻው አስቀመጡት።

በሞተሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች የሚሉትን አራቱን ፒስተኖች ስታወጣ በእያንዳንዱ አናት ላይ የመጣበትን ቀዳዳ ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ሰኞ ከክሊኒክ ስትመለስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፏል። ፒስተኖቹ ፎጣው ላይ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃሉ። ቁጥር የሚባል ነገር የለም።

አባባ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ እየጠበቋት ነበር። "በላምባ ዘፈዘፍኳቸውና በብሩሽ ፈተግኳቸው። እንዴት ናቸው?"

"አባባ፣ ቁጥሮቹስ?"

"የምን ቁጥር?"

"እያንዳንዱ የኖረበት ቀዳዳ አለው። አብረው ነው የሚያረጁት። አሁን የቱ የቱ ጋ እንደነበረ በምን አውቃለሁ?"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ንዴቷ አላመለጣቸውም። የተረፈውን ጨርቅ አጣጥፈው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ራት ሲጠሩም "ጠግቤአለሁ" አሉ። ባሏ የሆነውን ሲሰማ "ውይ!" አለ።

በማግስቱ አባባ መስኮቱ ዳርም፣ መኪና ማቆሚያውም ውስጥ አልነበሩም። ሐኪሟ ተጸጸተች። ሰውዬው ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ቢያምራቸው፣ እሷ ውሃ ቸለሰችበት። ከሥራ ስትወጣ ብረት የሚያስተካክል አንድ ወዳጇ ጋ ጎራ ብላ ጥቃቅን ልዩነት የሚለካበትን መሣሪያ ተዋሰችና በቀጥታ በራቸውን አንኳኳች።

"አባባ! ያጠበ ሰው መጥቶ ለመለካት ያግዘኝ እንጂ! ለብቻዬ አልችለውም።"

"ደግሞ ምን ላጠፋልሽ?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"መነጽርዎን ይዘው ይምጡ።"

እሷ ትለካለች፣ እሳቸው ቁጥሩን ያነባሉ። ቀዳዳዎቹንም ለኩ፤ ለየትኛው ቀዳዳ የትኛው ፒስተን እንደሚስማማ ቀስ በቀስ እየለየ መጣ። አንዱ ላይ ሲደርሱ አባባ ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ይሄኛው ፀጉር ተጣብቆበታል። ብፈትግ ብፈትግ አልለቅም አለኝ።"

ሐኪሟ የሥራ ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ አየችው። ፀጉር አይደለም። ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶች በሚቀመጡባቸው መስመሮች መካከል የሄደ ስንጥቅ ነው። ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ ዘይት ምክንያቱ ይኸው!

"አባባ፣ በሽታውን አገኙትኮ!"

"ጥላሸት ለብሶ ተደብቆ!" አሉ ሽማግሌው፣ ወገባቸው ቀና ብሎ።

እርግጥ ቆይታ ራሷም አጥባው ታየው ነበር። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አባባ ግኝታቸውን ራት ላይ ለልጃቸው ሁለት ጊዜ ተረኩለት፤ በሁለተኛው ስንጥቁ ትንሽ ረዝሞ ነበር።

ምትክ ፒስተን ተገኘ። አባባ እርሾ ሲመዝኑበት በኖሩት ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ከሌሎቹ ከበደ፤ ሐኪሟም ከውስጥ በኩል እየሞረደች ከጓደኞቹ ጋር አስተካከለችው። ከዚያ አዲስ ፋሻ፣ እሳት የሚጭር አዲስ ካንዴላ፣ ቀስ እያለ ሁሉም በየቦታው ገባ፤ ሞተሩም ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር አልነሳ አለ፤ ሐኪሟ አንዲት ሽቦ ሳትሰካ ረስታ ኖሯል። ስትሰካት ሁለቴ አስነጠሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እየተረጋጋ ሄደ። ባል ከወጥ ቤት በሩጫ ወጣ። ሦስቱም ኮፈኑን ከበው ቆሙ፤ ጭስ አልነበረም።

ለተወሰነ ጊዜ በቀስታ ነድታ ዘይት ከቀየረች በኋላ የሞተሩን ልክ ማስተካከል ብቻ ቀራት። አንድ እሑድ ጠዋት እሷና አባባ ከመጋዘኖች ጀርባ ወዳለ ባዶ መንገድ ሄዱ። ከሞተሩ ጋር በገመድ የተያያዘ ላፕቶፕ በአባባ ጭን ላይ ሆኖ የነዳጅና የአየሩን ልክ ያሳያል፤ እሳቸው ቁጥሩን እንደ ዳቦ ቤት ትእዛዝ ጮክ ብለው ይጠራሉ። እየቆመች ታስተካክላለች፣ ደግማ ትነዳለች። በመጨረሻ ነዳጁን እስከ ታች ረገጠችው። ቱርቦው አፏጨ፤ መኪናዋ ተወረወረች፤ የአባባ ባርኔጣ የኋላ ወንበር ላይ አረፈ።

ፍጥነቱን ስትቀንስ አባባ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ፊት ፊታቸውን ያያሉ። ደነገጠች።

"አባባ? ደህና ነዎት?"

"ድገሚው።"

ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ ቁልፍ ያነሳች እንደሆነ አባባ ጫማቸውን አስረው በሩ ላይ ቀድመዋት ይገኛሉ። ባሏ ከኋላ ወንበር፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካው፣ "ለመሆኑ እኔ የዚህ ቤት ማን ነኝ?" ይላል።

"ቀበቶህን እሰር" ይሉታል አባቱ፣ ሳይዞሩ።