ለእትዬ ኖሪና የተመረጠው ሰዓት

ቶዳሮ ስለ ፍቅር ሰዓት ማውራት ሲጀምር የቬኒስ ርግቦች እንኳ ክንፋቸውን አጥፈው ያዳምጣሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎንዶላ የሚባለውን ረጅምና ጠባብ ጀልባ ቀዝፏል። ቀዛፊ የሚቆመው ከተሳፋሪው ኋላ ነውና በእነዚህ ዓመታት ከሩብ ሚሊዮን የማያንሱ የተጠጋጉ ራሶችን ከጀርባ አይቷል። የራሶቹን አዘነባበል ብቻ አይቶ የትኞቹ እንደሚጋቡ፣ የትኞቹ እራት ሳይቀርብ እንደሚጣሉ ይለያል። «ማለዳ ለታራቂ፣ ረፋድ ለሙሽራ፣ ፀሐይ መግቢያ ለፎቶግራፍ!» ይላል። ሰዓት መርጦ ተሳስቶ አያውቅም። ይህንንም የሚመሰክረው እሱው ራሱ ነው፤ ለሌላ ሰው ቢተወው ያሳንሱበታላ።

በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ ጂልዶ ወደ ቀዛፊዎቹ መቆሚያ መጡ። ጋሽ ጂልዶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ መቅዘፊያ የጠረቡ ሰው ናቸው። ከከተማው መቅዘፊያ እኩሌታው ከእጃቸው የወጣ ነው፤ ቶዳሮ የተደገፈውም የእሳቸው ሥራ ነበር። መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኚያ ሰው ለጳጳስም ባርኔጣ አውልቀው አያውቁምና ቶዳሮ ደነገጠ።

«እሑድ ጎንዶላህን እፈልጋለሁ፤ ለእኔና ለኖሪና» አሉ።

ዞርዚ የሚባለው ቀዛፊ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ጋሽ ጂልዶ፣ በስተርጅና ቱሪስት ሆኑ እንዴ? የገለባ ባርኔጣም ልግዛልዎት?» የከተማው ተወላጅ በጎንዶላ የሚሄደው በሠርጉ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ ነው።

«ሰኞ ከተማውን እንለቃለን» አሉ ጋሽ ጂልዶ። «የብሱ ላይ፣ ሜስትሬ ከተማ፣ ልጃችን ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታልናለች። የኖሪና እግር ከጥር ወዲህ አልታዘዝ ብሏል። የእኛ ቤት ስልሳ ሁለት ደረጃ ነው፤ እስከ ትናንት ድረስ አዝዬ አወርዳት ነበር። ትናንት ግን አሥረኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ።»

ዞርዚ ሳቁን ዋጠ።

«ታዲያ አልሄድም አለች። በውሃ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ ካላደረስከኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አለች። ቃል ገባሁላት።»

ነገሩን መቆሚያው ላይ የማያውቅ አልነበረም። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሙሽራዋ ኖሪና በጎንዶላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰዓቱን የመረጠው ሙሽራው ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ብሎ መረጠ። በዚያ ሰዓት ባሕሩ ሞልቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለውን ዝቅተኛ ድልድይ ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበርና ጀልባው በሥሩ አልሾልክ አለ። ሙሽራዋን አንድ ዓሣ ነጋዴ በትከሻው ተሸክሞ በጓሮው መንገድ አስገባት፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተች ቃል ኪዳን ገባች። ይህ ታሪክ ያልተነሣበት ድግስ፣ ያልተነሣበት ገና፣ ያልተነሣበት ክርስትና በዚያ ቤት አልነበረም።

«ሰዓቱን አንተ ምረጥ» አሉ ጋሽ ጂልዶ። «እኔ አንድ ጊዜ መርጫለሁ።»

ቶዳሮ ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ወጥቶ እትዬ ኖሪናን አነጋገራቸው። ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ።

«ፀሐይ ስትገባ እንዳትለኝ!» አሉት ገና ሳይቀመጥ። «በዚህ መስኮት ዕድሜዬን ሙሉ አይቻታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳትገባ ቀርታ አታውቅም።»

«እትዬ፣ እኔን ነው? ለንጉሥ ልጅ ሰዓት የመረጥኩ ሰው ነኝ እኮ።»

«የየት አገር ንጉሥ?»

«ስሙን እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«አባትህም እንዲሁ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ዓሣ ሲይዝ ባሕሩን ባዶ ያስቀረ ይመስለው ነበር። ስማ፣ ቶዳሮ።» አተሩን ወደ ጎን አደረጉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰኞ ከሄድኩ አልመለስም። ጂልዶ ትመለሺያለሽ ይለኛል፤ ይበል። አንድ ቀን ነው ያለኝ። በውሃ ልድረስ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቶዳሮ የውሃውን መጽሐፍ ከኪሱ አወጣ። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ለዓመቱ ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ የታተመበት፣ ከመዳፍ የማይበልጥ መጽሐፍ ነው። እሑድ ጠዋት ውሃው ይጎድላል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምትወስደው ትንሿ ቦይ ጭቃዋን አውጥታ ትሸታለች፣ ጀልባውም ሆዱን ይፈገፍጋል። ወደ ማታ ደግሞ ይሞላል፤ ድልድዩ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል፣ ጀልባውን የሚያንሳፍፍ ውሃና ራስ የሚያሾልክ ክፍተት የሚገናኙበት ጠባብ ጊዜ አለ። መጽሐፉ ስምንት ሰዓት አለ። መጽሐፉ ግን ዓመቱን ሙሉ በክረምት ሰዓት የሚታተም ነው፤ በበጋ፣ በሙቀቱ ወራት የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ አንድ ይደመርበታል። የቬኒስ ልጅ ማማተብ ሳይለምድ ይህችን ድመራ ይለምዳል። ቶዳሮም ደመረ። «እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ በትልልቁ ጻፈና ግድግዳው ላይ ለጠፈላቸው።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ ጋሽ ጂልዶ ከበሩ ላይ።

«ጋሽ ጂልዶ፣ ባሕሩ ራሱ ሰዓት ሲጠፋበት እኔን ነው የሚጠይቀው።»

የቀረው ሐሳብ ደረጃው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቦዩ የሚወርዱ አምስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ አረንጓዴ ሽበት ያበቀሉ፣ ድመት እንኳ የሚያንሸራትቱ። ቶዳሮና ጋሽ ጂልዶ እትዬ ኖሪናን በአንድ ወንበር ተሸክመው ሊያወጡ ተስማሙ።

እሑድ ቶዳሮ የጎንዶላውን ናስ ፀሐይ እስክታፍርበት ወለወለ። እሱና ዞርዚ እትዬ ኖሪናን በወንበር ተሸክመው አወረዱ። እትዬ ኖሪና ሰማያዊ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጋሽ ጂልዶ ሦስት ቦታ ራሳቸውን ቆርጠው ተላጭተዋል። ባልና ሚስቱ ጎንዶላው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዞርዚ ከዳር ሆኖ፣ ያለ ልማዱ፣ ቆቡን አወለቀ።

ሄዱ። ነፋስ የለም። መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካና ሲለቅ ብቻ ይሰማል። ቶዳሮ ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ነጫጭ ራሶች ያያል። እንደ ሌሎቹ አልተጠጋጉም፤ ቀጥ ብለው፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ወደ ፊት ያያሉ። ከካፖርቱ ሥር ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር።

ወደ ትንሿ ቦይ ሲታጠፉ የቤቶቹን ግድግዳ አየ። በዚህ ሰዓት ከውሃው በላይ መታየት የነበረበት የአረንጓዴ ሽበት መሥመር የለም። ውሃው ውጦታል። ቀና አለ፤ ድልድዩ ሩቅ ቆሟል፣ ከሥሩ ያለው ብርሃን የሐብሐብ ቁራጭ ያህል ቀጥኗል።

ያን ጊዜ ከአንድ መስኮት አንዲት ሴት ባሏን ስትቆጣ ተሰማ። «አንተ ሰውዬ፣ የግድግዳውን ሰዓት አልመለስከውም እንዴ? ሌሊት ተመልሷል እኮ! አሥር ይላል አሁንም!»

የቶዳሮ እጅ መቅዘፊያው ላይ ደረቀ። የበጋው ሰዓት ያበቃው፣ የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ወደ ኋላ የተመለሰው፣ ትናንት ሌሊት ነበር። የኪስ ስልኩ በራሱ ተመልሶ ዘጠኝ ብሎታል፤ እሱም ዘጠኝን አምኖ መጣ። ሐሙስ የደመራት አንዲት ሰዓት ግን ለእሑድ አታስፈልግም ነበር። መጽሐፉ ስምንት ብሎ፣ ስምንት ማለቱ ነበር።

ድልድዩ ሥር ሲደርሱ ጀልባውን አቆመ። የጎንዶላው ግንባር ላይ የቆመው ብረት ከድንጋዩ ቅስት በአራት ጣት ይበልጣል።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ጂልዶ።

የቬኒስ ቀዛፊ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ የደቡብ ነፋስ። የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ገፋብን ይባላል፣ ሁሉም ያምናል፤ የስንቱን ቀዛፊ ኃጢአት ተሸክሞ ኖሯል። ቃሉ ቶዳሮ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ጂልዶ ግን ዞር ብለው አዩት፤ ባርኔጣቸውን ባወለቁለት ቀን ባዩበት ዓይን።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰዓቱ ሌሊት መመለሱን ረስቼ አንድ ሰዓት ደምሬያለሁ። ነፋስ የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ።»

 ጋሽ ጂልዶ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ጂልዶ» አሉ እትዬ ኖሪና። «ያችን የተሳሳተች ሰዓት አርባ ስድስት ዓመት ብቻህን ተሸከምካት። እንኳን ደስ ያለህ፤ አጋዥ አገኘህ።»

«ኖሪና፣ አትቀልጂ። ነገ እኮ ነው። ነገ በጠዋት...»

«እየቀለድኩ አይደለም። አንተም ቶዳሮ፣ ወደ ኋላ ብትቀዝፍ ዘልዬ ውሃ ውስጥ እገባለሁ። እግሬ እንቢ ቢል በእጄ እገባለሁ።»

ጋሽ ጂልዶ እጃቸውን ከፊታቸው አነሡ። ብረቱን፣ ቀጥሎ ቅስቱን አዩ። ሃምሳ ዓመት ለጀልባ የሠሩ ዓይኖች ናቸው፤ ለኩ።

«አራት ጣት ነው» አሉ። «ሁለት ሰው ግንባሩ ላይ ቢቀመጥ?»

«ግንባሩ ይሰምጣል፤ አራት ጣት ይሰምጣል» አለ ቶዳሮ። «ግን እትዬን ማን...»

ጋሽ ጂልዶ ሚስታቸውን በብብታቸው ሥር ይዘው አነሡ፤ ያ ረቡዕ ዕለት ደረጃ ላይ የከዳ ጉልበት አሁን ጸና። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ቶዳሮ በመቅዘፊያው ጀልባውን እንደ ሕፃን አልጋ ጸጥ አድርጎ ይዞ። ጀልባው ግንባር ጥግ ደርሰው፣ አቅፈዋቸው ጣውላው ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። ግንባሩ ጎነበሰ። ብረቱ ድንጋዩን ፋቀና ገባ።

ቶዳሮም ከኋላ በጀርባው ተኛ። ቦርጩን ያመሰገነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ የኋላውን ጫፍ ያሰመጠው እሱ ነበርና። በሁለት መዳፉ የድልድዩን ሆድ እየገፋ ጀልባውን አሳለፈ። ድንጋዩ ከአፍንጫው በላይ አንድ ስንዝር ነው፤ ቀዝቃዛ፣ የሚንጠባጠብ፣ በሕያው ሰው ዘንድ ከዚያ ወገን ታይቶ የማያውቅ። ጨለማው ውስጥ እትዬ ኖሪና ለባላቸው አንድ ነገር ሲሉ ሰማ። ጋሽ ጂልዶም መለሱ። ያልሰማውን ሁሉ ሲያወራ የኖረው ቶዳሮ ይህን የሰማውን ለዞርዚ እንኳ ነግሮ አያውቅም።

ብርሃን ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑ በር ከፊታቸው ነበር። ቶዳሮ ደረጃዎቹን ፈለገ። የሉም። ውሃው አምስቱንም ሸፍኖ ከመድረኩ ድንጋይ ጋር እኩል ቆሟል። የጎንዶላው ጠርዝ ከበሩ መድረክ ጋር ተስተካክሎ ተጠጋ፤ መውጣት የለ፣ መውረድ የለ። በስምንት ሰዓት ቢመጡ ኖሮ ከሥር ሆነው አምስት አንሸራታች ደረጃዎችን ሽቅብ ያዩ ነበር። ቶዳሮ ይህን አስቀድሜ አስቤዋለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ጋሽ ጂልዶ ቀድመው ወጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ኖሪና ቶዳሮን ተደግፈው ቀኝ እግራቸውን መድረኩ ላይ አኖሩ፤ ቀስ ብለው ግራውን አስከተሉ። ቆሙ። በበሩ መካከል፣ የባላቸውን እጆች ይዘው፣ አንድ አባታችን ሆይ የሚያስብል ጊዜ ያህል በእግራቸው ቆሙ። ስስ ውሃ መድረኩን አልፎ ጫማቸውን ነካ።

«ግቢ እንጂ» አሉ ጋሽ ጂልዶ በሹክሹክታ።

«ደርሻለሁ» አሉ። «በቃ፣ ጂልዶ። ደርሻለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት አርባ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ፊቱ መብራት ነበረበት። የጋሽ ጂልዶ ፊት ግን ወደቀ። ቶዳሮም ያኔ ገባው። እትዬ ኖሪና እስካልደረሱ ድረስ ከተማውን የሚለቁበት ሰኞ አይመጣም ነበር።

«ነገ የሚወስደን ጀልባ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አሉ እትዬ ኖሪና።

«በሦስት።»

«እሄዳለሁ ብያለሁ፤ እሄዳለሁ። ተው፣ አታልቅስ። ልጁ ያያል።»

ልጁ የተባለው የሃምሳ ሦስት ዓመቱ ቶዳሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጀልባው ውስጥ መልሰው አስቀመጧቸው። መውጫ የለም፤ ውሃው ገና እየሞላ ነው፣ ድልድዩ አሁን ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ጎድሎ እስኪከፈት ሰዓታት መቀመጥ ነው። በትልቁ ቦይ ላይ በዚያ ሰዓት ግማሽ ዓለም ፀሐይዋን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ለቶዳሮ የተያዙለት አምስት ጥንዶች መቆሚያው ላይ ቆመው ይራገማሉ። ስልኩን አጠፋው። በዚያች የተዘጋች ቦይ ውስጥ ግድግዳና ውሃ ብቻ ነበር የሚታየው። እትዬ ኖሪና ራሳቸውን ባላቸው ትከሻ ላይ ጣሉ። ጋሽ ጂልዶ ዓይናቸውን ከግድግዳው አልነቀሉም፤ ውሃው እንዳይጎድል የሚለምኑ ይመስሉ ነበር።

ሲመሻሽ እትዬ ኖሪና እጃቸውን አውጥተው ድንጋዩን ዳሰሱ። ከውሃው በላይ አንድ ጣት የሚያህል እርጥብ ቦታ አገኙ።

«ጎደለ» አሉ።