በርገን ያለችው አክስት

«እዚህ አታቁሚ፣ እማዬ» አለች ቱቫ፣ አንገቷ መቀመጫው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ታች እየተንሸራተተች።

እናቷ ቶሪል ግን ፍሬን ይዛለች። ከመኪናው ኋላ ያለው ተጎታች ተንገጫግጮ ቆመ፤ በላዩ የተቆለለው የሽንት ቤት ሶፍት በገመድ ታስሯል። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ በየፀደዩ፣ ከብሔራዊው በዓል ሰልፍ በፊት፣ ዩኒፎርም የሚያሰፋው በዚህ ነው፤ ልጆቹ ሶፍት እየሸጡ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ቱቫ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ትሮምቦን ትነፋለች፤ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮም ሶፍት ትሸጣለች። እስከ ዘንድሮ አፍራበት አታውቅም።

«የሽማግሌው የኦድቫር ቤት እኮ ነው። በየዓመቱ ይገዙናል።»

«ዘንድሮ አይገዙም።»

«በምን አወቅሽ?»

ቱቫ በመስኮቱ ጠርዝ ቤቱን አጮልቃ አየች። የኦድቫር የልጅ ልጅ ኤስኪል ከገና ወዲህ እዚህ ይኖራል፤ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ሐሙስ ዕለት አውቶቡስ ሲጠብቁ «ቅዳሜ ወደቡ ላይ ቋሊማ እንጠብሳለን፣ ትመጫለሽ?» ብሏት ነበር። ሶፍት እሸጣለሁ ማለት ከአፏ አልወጣ ሲላት «በርገን አክስቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችው። በዚያ ሩቅ ከተማ ግን አክስት የላትም።

ቶሪል ወርዳ በሩን አንኳኳች።

«ያለፈው ዓመቱ ግማሹ ምድር ቤት ተቀምጧል» አሉ ኦድቫር፣ በሹራብ ካልሲ ደፉ ላይ ቆመው። «ብቻዬን ስንት ልጨርስ ብላችሁ ነው?»

«አሁን እኮ ሁለት ሆናችኋል።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ልጁ መታጠቢያ ቤት ከገባ አይወጣም። በይ ሁለት እስር አውርጂልኝ።»

«ቱቫ፣ ሁለት አምጪ» አለች ቶሪል። ድምጿ ማዶ ድረስ ይሰማል።

ቱቫ ወረደች። አንዱን እስር በሌላው ላይ ደርባ አቀፈችና ፊቷን ከኋላው ደበቀች። መንገዱን ስለማታይ በእግሯ እየዳሰሰች ሄደች። በመጀመሪያ የፖስታ ሳጥኑን ገጨች፤ ቀጥሎ የሆነ ሰው።

«በርገን ለካ ቅርብ ነው» አለ ኤስኪል።

ቱቫ እስሮቹን ይበልጥ ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«አክስትሽ ደህና ናት?»

«አክስት የለኝም» አለች ከሶፍቱ ጀርባ።

ኤስኪል የላይኛውን እስር አነሳላት። ፊቷ ወጣ፤ ቀልቷል። የእሱም ከእሷ የተሻለ አልነበረም።

«ሶፍት ስሸጥ እንዳታየኝ ብዬ ነው» አለችው።

«ከተማው በሙሉ ያውቃል እኮ። ትናንት የክፍላችን ልጆች ‹ቱቫ ነገ ሶፍቷን ይዛ ትዞራለች› ሲሉ፣ የለም፣ በርገን ናት ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ይስቁብኛል። ‹በርገን ደወልክላት ወይ?› ይሉኛል።» እጁ ላይ ያለውን ሶፍት አገላበጠው። «እኔ ደግሞ መምጣት ስላልፈለግሽ መስሎኝ ነበር።»

«ፈልጌ ነበር» አለች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ። ከዚያ ጮክ ብላ ደገመችው። «ፈልጌ ነበር።»

ኦድቫር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሶፍቱ ውስጥ ይግባ፤ ዝናብ እየመጣ ነው።»

መኪናው ጋ ሲመለሱ ቶሪል የልጇን ፊት አየች። ከታች፣ ከወደቡ፣ ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ የልጆች ሳቅም ይሰማል። ያልተዳረሱት ቤቶች እዚያው ወደቡ ዳር ናቸው።

«እነሱን እኔ እጨርሳለሁ» አለች ቶሪል ቀስ ብላ። «አንቺ መኪናው ውስጥ ቆዪ። ከፈለግሽም ቤት ላድርስሽ።»

ቱቫ ወደ ጭሱ አየች። ኤስኪል ብስክሌቱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ አይወጣም፣ አይገባም። አሁን ወደ ወደቡ ብቻውን ከወረደ ዛሬም የሚሳቅበት እሱ ነው።

ገመዱን ፈታች፤ አንድ እስር ሶፍት አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«በእግሬ እወርዳለሁ» አለች እናቷን። ከዚያ ወደ ኤስኪል ዞረች። «ና እንሂድ። የበርገኑን ነገር እኔው ነኝ የምነግራቸው።»