የአይናዲስ ብግነት

የአይናዲስ ዓይን አዲስ የሆነው በስሟ ብቻ ነበር። ቀኙ ከቀላና ብርሃን ከጠላ ከርሟል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት የስፌት መኪናዋ ዝም አለ፤ ሰፈሯ ዶሮ ማነቂያም ያን ጊዜ ነው መታመሟን ያወቀው።

ሐኪሙ ኃይለየሱስ ከውጭ አገር ትምህርቱ የተመለሰ ወጣት ነው፤ የተማረውን ሁሉ ባማርኛ ካላልኩ ባይ።

«እናቴ፣ ከዓይንዎ ውስጥ በቀጭን መርፌ ትንሽ ውኃ እንቀዳለን። አይዞዎት፣ ይደነዝዛል። ውኃውን ላቦራቶሪ ወስደን ብግነቱን እንለካለን።»

«ምኑን?»

«ብግነቱን። ምን ያህል እንደበገነ ሳናውቅ መድኃኒት ብንሰጥ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ሐሙስ ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ፤ ዓይንዎ ታሽጎ ብቻዎን አይሄዱም።»

አይናዲስ መርፌውን ረስታ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወጣች። መበገንስ በግናለች! አምና የቀበሌ ጥበቃዎች ልጇን በፍቃዱን ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱ ሲመጡ፣ ባሏ ዓምደሚካኤል በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ግቡ፣ ግቡ» አላቸው። ፒያሳ ኬክ ቤት ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ያረጀ ሰው፣ ለመጣ ሁሉ ግቡ ማለት ለምዶበታል። እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ወጡ ላይ ጨው ታበዛ ነበር እንጂ። አሁን ግን ያ ሁሉ ተለክቶ እሱ ፊት ሊነበብ ነው።

«አልሄድም» አለችው ማታ።

«አይንዬ፣ ዓይንሽ እኮ ነው! መርፌው ነው?»

«መርፌ ስይዝ የኖርኩ ሰው መርፌ እፈራለሁ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ብግነቴን ይለካሉ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አንተ ባለህበት ይናገሩታል።»

ዓምደሚካኤል አልሳቀም። ቃሉን የተረዳው ልክ እንደ ሚስቱ ነው። «ይለኩት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የፈለገውን ያህል ቢወጣ የኔ ነው፤ ብቻ ዓይንሽ ይትረፍልኝ» አለ።

ልጇ ከሄደ ወዲህ ያን ቀን ነው ያለቀሰችው፤ እሱም አብሯት።

ሐሙስ ውኃው ተቀዳ። በሳምንቱ ውጤቱን ሊሰሙ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ብግነቱ ከፍተኛ ነው» አለ ኃይለየሱስ።

ዓምደሚካኤል ባርኔጣውን አወለቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «የምን ጥፋት፣ አባቴ? ዓይኑ ውስጡ ተቆጥቷል ማለት ነው። ውኃው ውስጥ ነጭ የደም ሴልና ፕሮቲን በዝቷል፤ ጀርም ግን አላገኘንበትም። ደግ ነው፣ በጠብታ ይበርዳል።»

«ይበርዳል?»

«ሳይታክቱ ጠብ ካደረጉላት ይበርዳል።»

አይናዲስ ባርኔጣውን ከባሏ እጅ ወስዳ መልሳ ደፋችለት።

ከዚያ ወዲያ ጠብታው የዓምደሚካኤል ሥራ ሆነ። ወተት ሲቀዳ ጠብታ የማያባክን እጁ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቅንድቧን ያርሳል።

«ረጋ በል እንጂ፣ ማኪያቶ አይደለሁም!»

«ክፈቺ።»

«አንተው ክፈት» አለችው። «መክፈት መቼ ያቅትሃል?»

ክው አለ። ቀና ብሎ ሲያይ ግን ከንፈሯ ሳቅ ይዟል። ያችኛዋ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወደቀች።