ቅርጫት ውስጥ የቀረው ሣጥን

ሴትዮዋ ስልኳን ገና ያልተቀባ የሬሳ ሣጥን ክዳን ላይ አስቀምጣ፣ "ይሄን የላከብኝ ማን ነው?" አለች። አናጢው መላጊያውን አቆመ። መነጽሩን በኪሱ ፈልጎ ሲያጣ ስልኩን አንስቶ ለእህቱ ልጅ አቀበላት።

መልእክቱ አጭር ነበር። "የመረጡት ዕቃ ቅርጫትዎ ውስጥ እየጠበቀዎት ነው። አይርሱት!" መጨረሻው ላይ አንዲት ቢጫ ፊት ትስቃለች፤ ከሥሯ የሣጥኑ ፎቶና የወርክሾፑ አድራሻ አለ።

የአናጢው የእህት ልጅ አነበበችውና ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። መልእክቱን የላከ ሰው የለም። የላከው እሷ የሠራችው የኦንላይን ሱቅ ነው።

አጎቷ "ሐዘንተኛ እዚህ ድረስ እየመጣ ከሚንገላታ፣ ቤቱ ሆኖ የሚመርጥበት ድረ ገጽ ሥሪልኝ" ሲላት ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ከባዶ ተነስቶ፣ ኮዱን ራሷ እየጻፈች፣ ለዚህ ሥራ በልኩ መሥራት። ሁለተኛው ጫማም ሽቶም የሚሸጥበትን ዝግጁ ሱቅ ወስዶ ስሙንና ፎቶውን መቀየር። ዝግጁው ገዢ የመረጠውን የሚያኖርበት ቅርጫት አለው፤ ዕቃውን በጣት እያገላበጡ የሚያዩበት ሥዕል አለው፤ ገዢ ሳይጨርስ ከወጣ ተከትሎ የሚጠራ ማስታወሻ አለው። "ሱቅ ያው ሱቅ ነው" ብላ ዝግጁውን መረጠች፤ ያለውንም ሁሉ ከፈተችለት። አጎቷ "ችኩሌ" የሚላት እንዲያው አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺኛዋ ግን ያፈሰሰችው ሰው ቤት ነው።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ችኩሌ። "የላከው ማሽን ነው። ግን ሣጥን የመረጠ ሰው ከሌለ አይልክም።"

"እኔ አልመረጥኩም።"

"ስልክዎን ሌላ ሰው ይነካዋል?"

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ፣ የእንጨት ብናኙን እንኳ ሳታራግፍ ተቀመጠች።

"ባለቤቴ ታሟል" አለች። "ሐኪሞቹ 'ቤቱ ሆኖ ይረፍ' ብለው ሰደዱን። ምን ማለታቸው እንደሆነ እኔ ገብቶኛል። እሱ ግን አልገባውም ብዬ... የሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ዜና ልይበት እያለ የኔን ይወስዳል።" ስልኩን ገለበጠችው። "'ትድናለህ' እያልኩት፣ ሲስቅ ያመነኝ መስሎኝ! ለካ እሱም እኔን ሲያባብለኝ ኖሯል።"

አናጢው ኮፍያውን አወለቀ። ስንቱን ሐዘንተኛ አስተናግዶ የሸኘ ሰው ነው። ውሃ ቀድቶ ሰጣት።

"አጥፊልኝ ልጄ" አለች ሴትዮዋ። "እንዳየሁት እንዳያውቅ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉብኝ።"

"እሺ፣ አንልም።" ችኩሌ ላፕቶፑን ሳበች። "ብቻ ቅርጫቱን ባዶ ባደርገው፣ ባለቤትዎ ሲከፍቱት ጠፍቶ ያገኙታል። ብተወው ደግሞ ነገም ይልካል።" ከነገ ወዲያ ማሽኑ ቅናሽ ጨምሮ እንደሚልክ ለመናገር ግን አልደፈረችም። አፍራ አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ ሱቁን በሙሉ ዘጋችው።

"ጭራሽ ዘጋሽው?" አለ አጎቷ።

"ከባዶ እጽፈዋለሁ፣ አጎቴ። ፎቶ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ስልክ ቁጥር። በቃ። ማንንም ተከትሎ የማይጠራ።"

"እሺ። ቀስ ብለሽ ግን።"

የወርክሾፑ ስልክ ጮኸ። አጎቷ ወደ ሥራው ተመልሶ እጁ ሙጫ ነክቶ ስለነበር ችኩሌ አነሳችው።

"ሣጥን ሠሪው ቤት ነው?" አለ ትንፋሽ ያጠረው የወንድ ድምፅ። "በኢንተርኔት ላዝዝ ሞክሬ ነበር፣ ልጄ። ቁመቴን ሞላሁ፤ ቀለሙንም መረጥኩ። ከዚያ 'ዕቃውን የሚረከበው ሰው' ይላል። እዚያ ላይ እጄ ተያዘ።" ሳል አቋረጠው። "ባለቤቴን እንዳልጽፍ፣ የጀመርኩት ጣጣው በሷ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። አሁን ወጣ ብላለች፤ ሳትመለስ ንገሪኝ እስቲ። እዚያ ላይ ማን ተብሎ ይጻፋል?"

ችኩሌ ያቺን መስመር ስንቴ አይታታለች፤ አንድም ቀን አላነበበቻትም። የጫማ ሱቅ መስመር ነች፤ እንዳለች ነው የተወቻት።

ሴትዮዋ ከአግዳሚው ላይ ብድግ ብላለች። ድምፁን ከሩቅ ለይታዋለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በዓይኗ እየለመነች፣ "እዚህ መሆኔን እንዳትነግሪው" የምትል ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

ችኩሌ ቃል ሰጥታለች። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሐዘን ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው ሲደብቀው አየች። ዝም ብትል ቃሏን ጠበቀች ማለት ነው፤ ሰዎቹ ግን እንደተደባበቁ የቀራቸውን ጊዜ ይጨርሱታል። ይህ አሳዘናት፤ አስፈራትም።

"አባቴ" አለች፤ ለአንዴ ሳትቸኩል። "ይሄን የምመልስልዎ እኔ አይደለሁም።"

የስልኩን እጀታ ለሴትዮዋ ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ወደ ኋላ አለች። ችኩሌ እጇን አልሰበሰበችም። ከስልኩ ውስጥ "ሃሎ? ልጄ?" የሚለው ድምፅ ይሰማል።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ተቀበለቻት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንፋሹን ሰማች።

"እኔ ነኝ" አለችው። "እኔን ጻፈኝ።"