ዘሪቱ የተናዘዘችው ጎሜ

አባቴ ጉታ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ግን ይመጣል። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ሰፈር ሴቻ ሰፈር ሚኒባስ ስነዳ ከኋላዬ ያስላል። ዞር ስል ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነው። «ውሃ» ይለኛል። በመጨረሻው ሰሞን ጨንቻ ቤታችን ተኝቶ፣ ጆግ ሙሉ ጠጥቶም ይጠማው ነበር። አንድ ቀን መመላለሱ ሰለቸኝና «በቃህ አባባ፣ ሆድህ ሊፈነዳ ነው?» ብዬ ከለከልኩት። በማግስቱ ከንፈሩ እንደደረቀ አረፈ።

እንግዲህ ምን አሳፈረኝ፣ ልናገረው፤ ከአምና ጀምሮ ወንድነቴ ከዳኝ። ሚስቴን ዘሪቱን እየፈለግኋት ሰውነቴ እምቢ ይለኛል። መጀመሪያ «ደክሞህ ነው» አለችኝ። ቆይታ «ሌላ ሴት አለችህ እንዴ?» አለች። ጮህኩባት። እኔ ሳፍር ነው የምጮኸው፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቀኛል። በልቤ ግን ጎሜ ነው ብያለሁ። ጎሜ እኛ ጋሞዎች ዘንድ ነውር የሠራ ላይ የሚወርድ መዓት ነው፤ ሽማግሌ ፊት ካልተናዘዙት አይለቅም። ቸርች እንዲህ ያለ ነገር የለም ይሉናል፤ የጨነቀው ሰው ግን ይሰማል?

ጨንቻ ወጣሁ። የውሃውን ነገር እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ብለው መረቁኝ። ወይ ፍንክች! ሰውነቴም ያው፣ አባቴም ያው። ይባስ ብሎ እኔንም ይጠማኝ ጀመር፤ በየፌርማታው ወርዶ መሽናት ሆነ ሥራዬ። አባቴ በእኔ አፍ እየጠጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ደግሜ ስሄድ፣ ከሽማግሌዎቹ ታላቅየው ጋሽ ወልደሥላሴ «አንዳንዴ ጎሜው የሚስት ይሆናል» አሉኝ። እኔ ቂሉ ዘሪቱን ይዣት ወጣሁ።

«ምንም የለብኝም» አለች።

«እያወቅሽ ልትገድዪኝ ነው?» አልኳት፣ በሰው ፊት።

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች «አንድ ጊዜ ከሌላ ወንድ ጋር ተኝቻለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ይቅር በላት አሉኝ፤ በአፌ ብቻ ይቅር አልኳት። አርባ ምንጭ እንደገባን ልብሷን ደጅ ወረወርኩት። ገረሴ እናቷ ቤት ሄደች።

በወሩ መሪ እንደያዝኩ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ለጥቂት ነው ተሳፋሪ ይዤ ገደል ያልገባሁት። ጤና ጣቢያ ሲስተር ፌቨን ደሜን መርምራ «ስኳርዎ ጣሪያ ነክቷል፤ በቤተሰብ አለ?» አለችኝ። ስለ አባቴ ጥማትና አልድን ስላለው የእግሩ ቁስል ነገርኳት። «ስኳር ሳይሆን አይቀርም» አለች። ወይኔ አባቴ! ድምፄን ዝቅ አድርጌ ያንን ነገርም ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ስኳር የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስንት ወንድ አለበት መሰልዎት፣ ይደብቃሉ እንጂ። ከሰው ተቀብለው ኪኒን እንዳይውጡ። መጀመሪያ ስኳሩን እናስተካክል፤ ከዚያ ሐኪሙ ለእሱም የሚያዘው መድኃኒት አለ። ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ።»

ባለቤቴን! ቤት ስገባ የአባቴ ሳል የለም። የዘሪቱ ኮቴ ግን ከክፍል ክፍል ሲሄድ ይሰማኛል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በባዶ ቤት። አላስቀምጥ አለኝ።

በነጋታው ገረሴ ደረስኩ። ዘሪቱ ጓሮ እንሰት ትፍቃለች። ሁሉንም ዘከዘክሁላት። «በሽታው ያንቺ ኃጢአት ያመጣው አይደለም። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ነይ እንሂድ» አልኳት፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰውየው ማን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ማንም የለም፣ ታዴዎስ። ጎሜ ካልተገኘ አትድንም ሲሉህ ጊዜ ነው የዋሸሁት። እንድትድንልኝ ብዬ ነው።»

እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ክንዴን ይዛ አነሳችኝ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭቃ አራገፈችልኝ።

«መድኃኒትህን እንዳትተው» አለችኝ።

«ትመጫለሽ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት አብረኸኝ ኖረህ፣» አለችኝ፣ «ከሌላ ወንድ ጋር ስልህ ወዲያው እኮ ነው ያመንከኝ።»

ከዚያ ወደ እንሰቷ ተመለሰች።