አንድ ክንድ የጎደለው መግነዝ

ዛኪር መግነዙን ያሰፋው እኔ ዘንድ ነው። በእኛ በላይኛው ግብፅ ነፍስ ያጠፋ ሰው እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ፣ የራሱን መግነዝ በሁለት እጁ ተሸክሞ በባዶ እግሩ ሟች ቤት ይሄዳል። ከተቀበሉት ደሙ ደረቀ። ካልተቀበሉት ጨርቁ እዚያው ይጠቅመዋል። ስለዚህ ልኩ መሆን አለበት፤ አጭር መግነዝ ይዞ የሄደ ሰው «እንደማትገድሉኝ አውቃለሁ» እንዳለ ይቆጠራል።

ዛኪር ረጅም ነው። ከአናቱ እስከ ተረከዙ ለካሁት።

«አምስት ክንድ» አልኩት።

«አይበዛም፣ ኡስታ ሚጋሊ?» አለኝ፤ እኛ ዘንድ ባለ ሙያ ኡስታ ይባላል።

«ያስረዘምኩህ እኔ አይደለሁም።»

አምስት ክንድ አመጣልኝ። አራት ሰፋሁ። ከማንኛውም ጨርቅ አንድ ክንድ ማስቀረት ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ከሙሽራም፣ ከቄስም አስቀርቻለሁ። እጄ እኔን ሳያማክር ይቆርጣል።

የገደለው ፈልታስን ነው፣ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው፣ በዶማ። የመታው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ጠበቃው እንደ ትልቅ ጨዋነት አነሣለት። የፈልታስ እናት ሙኒራ ስድስት ዓመት ሐዘን አልተቀመጠችም፤ ደም ሳይመለስ ለቅሶ መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን አትቀርም። አባታችን ሆይ ሲባል «እኛም የበደሉንን» ላይ አፏን ትዘጋና ከ«ፈተና» ትቀጥላለች። ድምጿ ወፍራም ስለሆነ ሲቋረጥ ሁላችንም እንሰማለን።

ቄሳችን አባ ቢሰንቲ ዛኪርን እንድትቀበለው ሁለት ዓመት ለመኗት። በመጨረሻ «ይምጣ። የማደርገውን ሲመጣ አውቃለሁ» አለች።

መጣ። መንደሩ ግቢዋ ውስጥ ቆሟል። ሌላው ልጇ አያድ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ዛኪር ተንበርክኮ መግነዙን በሁለት እጁ አቀረበ።

«ዘርጋው» አለች ሙኒራ።

አነጠፈው።

«ተኛበት።»

ተኛ። ከቁርጭምጭሚቱ በታች አፈር ላይ ቀረ።

አያድ ተነሣ። «አየሽ፣ እማ? ሊያሾፍብን ነው የመጣው።»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ አባ ቢሰንቲ።

«አባ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ።»

ዛኪር እንደተጋደመ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አምስት ክንድ እንደሰጠኝ ያውቃል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ግቢው ጥግ የምትጭር አንዲት ዶሮ ነበረች፣ እኔ እሷን አየሁ። ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማሁ። ዶሮዋን ማየቴን አላቆምኩም።

ሙኒራ ዱላዋን ይዛ መጥታ የዛኪርን እግር ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ለሱ አጥሯል» አለች። «ለእኔ ግን ይበቃኛል። ተነሥ አንተ፣ ጨርቄን አቆሸሽክብኝ።»

«እማ፣ ወንድሜን ነው የገደለው።»

«የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አልጠፋኝም። ጠመንጃህን አስቀምጥና የለቅሶ ወንበር አውጣ።»

አያድ ጠመንጃውን አስቀመጠ። ወንበር ግን አላወጣም፤ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱን አላነጋገራትም። ወንበሩን ያወጣው ዛኪር ነው። አንዱን እግሩ የተሰበረውን አወጣ፤ እስር ቤትም ቅልጥፍና አላስተማረውም። ከዚያ ሙኒራ የስድስት ዓመቱን አለቀሰች። አጠገቧ መቆም ያስፈራ ነበር።

ተራዬ ደርሶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ስላት እጄን ያዘችኝ።

«የሰርግ ቀሚሴን የሰፋኸው አንተ ነህ?»

«አባቴ ነው።»

«እሱም አሳጥሮት ነበር» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እጄን ለቀቀችኝ።

በሳምንቱ የቆረጥኩትን አጣጥፌ ወሰድኩላት። ሳትፈታው «ለራስህ ይሁንህ» አለችኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ጨርቁ እንዳይታጠብ ተናዝዛ ስለነበር ዛኪር ሲነሣ በተረከዙ ያተመው አፈር እንዳለ ገነዝናት። ልኳ ነው። አያድ ዛኪርን ሬሳዋን እንዳይሸከም ከለከለው፤ ከኋላ ከኋላ ተከተለ።

ያ አንድ ክንድ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ራሴ ላይ ለካሁት። ከአንገቴ እስከ እምብርቴ ይደርሳል።