የምሥራቁ ርብራብ

የሞይዲን አውራ ጣት እስከ ጥፍሩ ሥር ግንዱ ውስጥ ገባ። አወጣና አየው፤ እርጥብ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጣብቆበታል። ሁለተኛውን ምሰሶ ተጫነው፤ እሱም እንደዚያው። ወደዚህ የመጣው ከተመልካቾቹ ርብራብ ሥር የድምፅ ማጉያ ሽቦ ሊዘረጋ ነበር። ሽቦውን እዚያው ጥሎ ወጣ።

ርብራቡ በዘንባባ ግንድና በቀርከሃ የተሠራ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በሜዳው ዙሪያ ይቆማል፤ የሰባት ለሰባት እግር ኳስ ውድድሩ ሲያልቅ ይፈርሳል። አንድ ግንድ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። የምሥራቁ ርብራብ ግንድ ግን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሰሞኑን ደግሞ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲወርድበት ሰንብቷል።

ሞይዲን ባጃጅ ነጂ ነው። በውድድር ወቅት ግን የመንደሩ የቼራምፓራ አፍ እሱ ነው፤ ባጃጁ ላይ ማጉያ አስሮ የዕለቱን ግጥሚያ ሲለፍፍ ይውላል። ኮሚቴው ጽፎ የሚሰጠው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የቀረውን ከራሱ ይጨምርበታል። በሰባት ለሰባት ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግ ስለሌለ፣ እጁን አንሥቶ ዳኛ የሚያይ ተከላካይ ቤቱ ይግባ ይላል። ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ወንድ በረኛ የመስደብ መብት የለውም ይላል። ልጆቹን ሁሉ ዱባይ ልኮ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚገነባ ሰው ለሌሊት ወፍ ሊያከራይ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው እሱን ለመስማት ከሱቅ ይወጣል፤ ስቆ ይመለሳል። ዘንድሮ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር ይዞ አልለቅ ብሎ ነበር፦ ሴቶችም ሜዳ ገብተው ኳስ ይዩ። ኮሚቴው በጭቅጭቁ ብዛት እሺ አለ። ለዛሬው ፍጻሜ የምሥራቁ ርብራብ ለሴቶች ተሰጠ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ባፑቲ ሐጂ ሜዳው ዳር በተጣለው ዳስ ውስጥ ጥቁር ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ሞይዲን አፉን ሲከፍት ግን ገና ሳይሰሙት ፈገግ ማለት ልማዳቸው ነው።

“ሐጂ፣ የምሥራቁ ርብራብ በስብሷል። በጣቴ ስጫነው ገባ።”

“ባለፈው ሳምንት ዳኛው ተገዝቷል አልክ።”

“ተገዝቷላ።”

“ከዚያ በፊት ኳሷ ከበደች አልክ። የጋናው አጥቂ አንድ እግር ብቻ ነው ያለው አልክ፤ በማግስቱ ሦስት አገባ። አሁን ደግሞ እንጨቱ ላይ መጣህ?”

“ይሄ እንደዚያ አይደለም። ይምጡና ራስዎ ይጫኑት።”

“በግማሽ ፍጻሜው ወንዱ ሁሉ ሲዘልበት አምሽቷል፤ ምንም አልሆነ። ሴቶቹ ደግሞ አይዘሉም። ገመድ ይጨመርበታል፣ በቃ። አንተ ሂድና ሰው ጥራልን።”

ሞይዲን ተናደደ። ከንዴቱ በታች ደግሞ ሐፍረት ነበረበት፤ ሐጂ ከተናገሩት አንዱም ውሸት አልነበረም። በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ሲሰጥ ኖሮ፣ ዛሬ የሚያምነው ሰው አጣ።

ቬላዩዳን ቤት ጎራ አለ። ቬላዩዳን ሃያ ዓመት ርብራቡን የሠራ አናጢ ነው፤ ዘንድሮ ሥራው ለሐጂ የወንድም ልጅ ተሰጥቶ እሱ ቤቱ ተቀምጧል። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰማውና ስንቱን ምሰሶ እንደሞከረ ጠየቀው። ሁለት መሆኑን ሲሰማ ሌላውንም መሞከር አያስፈልግም አለ። ለምን ራሱ ሄዶ እንደማይናገር ሞይዲን ሲጠይቀው፣ ሥራ ስለነፈግነው ነው እንደሚሉት ነገረው። እስከ በሩ ከሸኘው በኋላ ግን እጁን ያዘው።

“አንድ ነገር ልንገርህ። ይሰበራል ብለህ ድምፅ አትጠብቅ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚያዘነብለው። የተቀመጠው ሰው እንኳን አያውቀውም።”

ሞይዲን ሥራውን ቀጠለ። ባጃጁን እየነዳ ሁለቱን መስመር ብቻ አነበበ፦ ፍጻሜው ዛሬ ነው፣ ለሴቶች የተለየ ቦታ ተዘጋጅቷል። ከወንዝ ማዶ መንደሮች በጭነት መኪና የተጫነ ሰው ከጠዋቱ መግባት ጀምሯል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳን የለም። ሥጋ ሻጩ ከሱቁ ብቅ ብሎ ዛሬ ምነው አፍህ ተለጎመ አለውና ሳቀበት። ሞይዲን መንዳቱን ቀጠለ። አንድ ጊዜ “ለሴቶች የተለየ ቦታ” የሚለውን ዘሎ አነበበ፤ ሁለት ሴቶች ከደጃፋቸው ሆነው የኛስ ቦታ ቀረ እንዴ ብለው ጠየቁት። አልቀረም አላቸው። ይህን ያለበት አፉ ቀኑን ሙሉ ሲመረው ዋለ።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ናፊሳ ካሳቫውንና ዓሣውን ቀድማ ሠርታ፣ የበዓል ልብሷን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ኳስ ሲወራላት ኖራለች፤ ሜዳ ገብታ አታውቅም።

“ዛሬ አትምጪ፣” አላት።

“ምን አልክ?”

“ቅሪ አልኩሽ።”

“ሁለት ወር ሙሉ ሴቶች ይምጡ እያልክ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህ? አሁን ተራው የኔ ሲሆን ቅሪ?”

ያየውን ነገራት። ናፊሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

“ለአሚና ነግረሃታል?” አሚና ጎረቤታቸው ናት፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።

“ለሐጂ ነገርኩ፣ ሳቁብኝ። ሌላ ለማን ልንገር? ማንስ ያምነኛል?”

“ለኔ ግን ነገርከኝ።”

“አንቺ ሚስቴ ነሻ።”

“አሚናም የሰው ሚስት ናት።” ተነሥታ ልብሱን ከተሰቀለበት አወረደች። “እኔ ብቻዬን ቀርቼ እነሱ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? እሄዳለሁ። የጠራሃቸው አንተ ነህ፤ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።”

አባበላት፤ ተቆጣት፤ በመጨረሻ ለመናት። እሷ ሻርፗን ስታስር መስተዋቱን እንጂ እሱን አላየችም። በትዳራቸው ውስጥ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሰላት ሲያበቃ፣ የሜዳው በሮች ተከፈቱ። ሞይዲን ሜዳው ዳር ባቆመው ባጃጅ ውስጥ ማይኩን እንደያዘ ሴቶቹ ርብራቡ ላይ ሲወጡ አየ። ይስቃሉ፣ ይጠራራሉ፤ የሚያጠቡ እናቶች ሕፃናት ይዘዋል። ናፊሳ አምስተኛው ደረጃ ላይ ከአሚና ጎን ተቀመጠች። ርብራቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ፤ በበሩ ገና ይገባሉ። ሞይዲን የርብራቡን የላይኛውን ጫፍ ከኋላው ካለው የኮኮናት ዛፍ ጋር እያስተያየ ቆየ። መጀመሪያ ሲያየው ዛፉ ሙሉ በሙሉ ይታይ ነበር። ቆይቶ ሲያየው የግንዱን አንድ ጎን የርብራቡ ጫፍ ሸፍኖታል፤ እያዘነበለ ነው።

ማይኩን ከፈተ። “እናቶች፣ እኅቶች፣ ምሥራቁ ላይ ያላችሁ፣ ርብራቡ በስብሷል። ቀስ ብላችሁ ውረዱ።”

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሚስትህ ቤት ትግባልህና ጨዋታው ይጀመር ብሎ ጮኸ። ደግሞ ተናገረ፤ ደግመው ሳቁ። ሴቶቹም ይስቁ ነበር። ሐጂ ከዳሱ ወጥተው እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ባጃጁ ይመጣሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ቀድሟቸው እየሮጠ ነው።

በኛ አገር ወንድ የሚስቱን ስም በአደባባይ አይጠራም። ገበያ ውስጥ እንኳን “ስሚ” ነው የሚላት። በማጉያ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት መጥራት ሰው አድርጎት አያውቅም።

“ናፊሳ፣” አለ ሞይዲን። “ናፊሳ፣ የኡመር ልጅ፣ ውረጂ።”

ሳቁ ተቆረጠ። ናፊሳ ወዲያው ተነሣች። የአሚናን እጅ ይዛ ትጎትታለች።

“አሚና፣ የአላቪ ሚስት፣ ውረጂ። ሱሁራ፣ የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ ሕፃኑን ይዘሽ ውረጂ።”

አሁን ወንዶቹ በቁጣ ተነሥተዋል፤ ባሎች አጥሩን እየዘለሉ ሜዳ ገቡ። ግማሾቹ ወደ ባጃጁ፣ ግማሾቹ ስማቸው የተጠራባቸውን ሚስቶቻቸውን ሊያወርዱ ወደ ምሥራቅ ሮጡ። የሐጂ የወንድም ልጅ ደርሶ የሞይዲንን ኮሌታ ያዘ። ሐጂም ከኋላው ደረሱ።

“አጥፋው፣” አሉ እያለከለኩ። “አንተ ሰው፣ አጥፋው አልኩህ። ከዚህ በኋላ እዚህ አገር የምትኖር ይመስልሃል?”

ሞይዲን ቀና አለ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ፣ የሐጂ ታናሽ ልጅ ነፍሰ ጡሯ ራሲያ ተቀምጣለች፤ የምትነሣም አትመስልም። የሐጂን ፊት አየ። ከዚያ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ስሟን ጠራ።